የ15 ሰከንድ ዋጋ፦ የአንድ አዳማ ቪዲዮ ቤት ኮምፒውተር የጉዳይ ጥናት

ይህ ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ እጄ ገብቷል። መጀመሪያ በታኅሣሥ «ትንሽ አፍጥንልኝ» ተብሎ መጣ። ለሁለተኛ ጊዜ የመጣው በሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ በባጃጅ ተጭኖ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ባለቤቱም ሰላምታ በቅጡ ሳይሰጡኝ። በሁለቱ መካከል የሆነውን ነው የምጽፈው። አብዛኛው ጥፋት የራሴ ስለሆነ ማንንም ሳላስቀይም መጻፍ እችላለሁ።

ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ቪዲዮ ቤት አላቸው፤ ሰርግ በቪኤችኤስ ካሴት ይቀረጽ ከነበረበት ዘመን ጀምረው በሥራው ላይ ናቸው። ኤዲት የሚያደርግላቸው የእህታቸው ልጅ ነው። ቀን ቀን ሰርግ ይቆርጣል፣ ማታ ማታ በዚያው ማሽን ጌም ይጫወታል። ታኅሣሥ ላይ ሲመጡ የጋሼ ጭንቀት ግልጽ ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል፣ ሙሽሮች ደግሞ ከጫጉላቸው ሳይመለሱ «ቪዲዮው ደረሰ ወይ» ብለው ይደውላሉ።

ማሽኑ መጥፎ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ኤኤምዲ በ2019 ያወጣው ራይዘን 5 3600 ነው፤ ስድስት ኮር (ለየብቻ የሚሠሩ የስሌት ክፍሎች)፣ አሥራ ሁለት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ ሰልፎች)፣ መነሻው 3.6 ጊጋኸርዝ፣ ጣሪያው 4.2። ባለ ቢ450 ቺፕሴት ማዘርቦርድ፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ፣ እያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት ፍሬ ዲዲአር4 ራም (ማሽኑ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት) አለው። ራሞቹ ላይ 3200፣ 16-18-18-36፣ 1.35 ቮልት የሚል ተለጥፏል። ማቀዝቀዣው ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶኑ የመጣው ትንሹ ፋን ነው። ይህቺን ፋን አስታውሷት፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ልጁ ከእኔ በፊት ነካክቶታል። አንድ ቪዲዮ አይቶ ስድስቱንም ኮር በ4.2 ጊጋኸርዝ ቸንክሮ፣ ቮልቴጁን 1.375 አድርጎታል። «ብሮ፣ ከካርቶኑ ሲወጣ ሁሉም ኮር ሲሠራ 3.9 ነበር፤ እኔ 4.2 አድርሼዋለሁ፣ ግን ኤክስፖርት ላይ ምንም ለውጥ የለም» አለኝ። (ኤክስፖርት ማለት የተቆረጠውን ሥራ ወደ አንድ ያለቀ ቪዲዮ ማውጣት ነው።) እውነቱን ነው። ሥራ ስጭንበት የፕሮሰሰሩ ሙቀት 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይነካል፤ 95 ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን የሚቀንስበት ወሰን ነው። ስለዚህ 4.2 የሚለው ቁጥር ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ ገጽ) ላይ አለ፣ ሥራው ላይ ግን ብቅ ጥልቅ ይላል። ይህ የችግሩ ትንሹ ክፍል ነበር።

ትልቁን ያገኘሁት ኬዙን ስከፍት ነው። ሁለቱ ራሞች ጎን ለጎን፣ ለፕሮሰሰሩ ቅርብ በሆኑት የመጀመሪያና ሁለተኛ ማስገቢያዎች ላይ ተሰክተዋል። በዚህ ዓይነት ማዘርቦርድ ሁለቱ ማስገቢያዎች የአንድ ቻናል ናቸው። ሁለት መስመር ባለው መንገድ ሁሉም መኪና በአንዱ መስመር ተሰልፎ ሌላው ባዶውን ቀርቷል ማለት ነው። በዚያ ላይ ኤክስኤምፒ አልተከፈተም። ኤክስኤምፒ ማለት አምራቹ ራሙ ውስጥ የጻፈው የፍጥነትና የታይሚንግ መመሪያ ነው፤ ካልከፈትከው ማዘርቦርዱ ለጥንቃቄ ሲል ዝቅ ባለ ፍጥነት ያስነሳዋል። እዚህ ማሽን ላይ 2400፣ ሲኤል 17 ሆኖ ነበር። የ3200 ራም ተገዝቶ፣ በ2400፣ ያውም በአንድ ቻናል። በስሌት ስናየው በሰከንድ 51.2 ጊጋባይት ማሳለፍ የሚችለው መንገድ 19.2 ብቻ ያሳልፋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ለመረዳት ታይሚንግ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ለደንበኛ የማስረዳው በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው፤ ያልተሰለፈበት ሰው የለምና። ጉዳይህን ይዘህ ስትሄድ ሠራተኛው መጀመሪያ ዶሴውን ከመደርደሪያ ያወጣል። ከዚያ ገጹን ገልጦ ያነባል። ቀጣዩ ባለጉዳይ ሌላ ዶሴ ከፈለገ ደግሞ የመጀመሪያውን ወደ ቦታው ይመልሳል። ራምም እንዲሁ ነው፤ ረድፉን መክፈት ቲአርሲዲ፣ ከተከፈተው ረድፍ የተፈለገውን ማግኘት ሲኤል፣ ረድፉን መዝጋት ቲአርፒ ይባላል። አራተኛው ቁጥር ቲአርኤኤስ፣ አንዴ የተከፈተ ረድፍ ቢያንስ ስንት ምት ክፍት መቆየት እንዳለበት ይናገራል። 16-18-18-36 የሚለው ጽሑፍ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እነዚህ ቁጥሮች ሰከንድ እየመሰሉት ነው። ቁጥሮቹ ምት ናቸው፤ የአንዱ ምት ርዝመት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር ይለዋወጣል። የ3200 ራም እውነተኛ ምቱ 1600 ሜጋኸርዝ ነው፣ በእያንዳንዱ ምት ሁለቴ ስለሚያስተላልፍ 3200 ተባለ። አንዱ ምት 0.625 ናኖሰከንድ ይፈጃል፣ በ16 ሲባዛ 10 ናኖሰከንድ። የልጁ 2400 በሲኤል 17 ሲሰላ 14.2 ናኖሰከንድ ይሆናል። 3600 በሲኤል 18 ደግሞ? 10 ናኖሰከንድ፤ ከ3200 በሲኤል 16 ጋር እኩል ነው። ገበያ ላይ «3600 ስለሆነ ይፈጥናል» ብሎ ሁለቱን ያለያየ ሻጭ ስለ አንዱ ግማሽ ብቻ ነው የነገረህ፤ የሚያሳልፈው መጠን ይጨምራል፣ የመጀመሪያዋን ቃል የምትጠብቅበት ጊዜ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ልጁ 4.2 ጊጋኸርዝ እንመለስ። ፕሮሰሰሩ አንድ ነገር ከራም ጠይቆ እስኪደርሰው በዚያ አቀማመጥ 95 ናኖሰከንድ ገደማ ለካሁ፤ ሙሉው ጉዞ ማለቴ ነው፣ ከኮሩ ወጥቶ እስኪመለስ። በ4.2 ጊጋኸርዝ ይህ ወደ 400 ምት የሚጠጋ ነው። ኮሩ 400 ጊዜ ልቡ ይመታል፣ እጁ ላይ ግን ሥራ የለም። ፍጥነቱን ከ3.9 ወደ 4.2 ማሳደግ ራሙ እንዳለ ሆኖ ያመጣው ለውጥ በዚያው ጥበቃ ውስጥ ተጨማሪ ባዶ ምት መቁጠር ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ በረህ መጥተህ ክፍያው በር ላይ ከተሰለፍክ፣ ሰልፉ መኪናህ የት ቦታ ስንት እንደነዳ አይጠይቅም። (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው 32 ሜጋባይት የሦስተኛ ደረጃ ካሽ፣ ማለትም ቅርብና ፈጣን ጊዜያዊ ማስቀመጫ፣ ይህን ጥበቃ ብዙ ጊዜ ያድናል፤ ካሽ ውስጥ የማይገባ የሰርግ ቪዲዮ ሲሆን ግን አይበቃም።)

መለኪያዬን ቀላል አደረግሁት። ልጁ ከቆረጠው አንድ ሰርግ 12 ደቂቃ የሚሆን ክፍል ወስጄ፣ በፕሮሰሰሩ ብቻ ኤክስፖርት እያደረግሁ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ሰዓት ያዝኩ። መካከለኛውን ውጤት ነው የምጽፈው።

እንደመጣ፣ ማለትም 4.2 የተቸነከረ፣ አንድ ቻናል፣ 2400፤ 22 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ፈጀ። ፕሮሰሰሩን ወደ ፋብሪካ አቀማመጡ መልሼ ራሞቹን ብቻ ወደ ሁለተኛውና አራተኛው ማስገቢያ ባዛውራቸው 20 ደቂቃ ከ35። አንድ ብር አልወጣም፣ ዊንች እንኳ ያስፈለገው ለኬዙ ክዳን ነው። ኤክስኤምፒን ከፍቼ 3200 ሲሆን 19 ደቂቃ ከ40። ፕሮሰሰሩ ከልጁ 4.2 ዝቅ ብሎ፣ ሥራው በሁለት ደቂቃ ተኩል ቀደመ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን ፎቶ አነሳ፤ ጋሼ ደግሞ «ታዲያ እስካሁን ምን ነበር የምታደርገው?» አሉት።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም።

ልጁ «3733 ቢሆንስ?» አለ፤ እኔም ለማየት ጓጓሁ። አደረግነው፣ ተነሳ፣ ኤክስፖርቱ ግን 19 ደቂቃ ከ50 ወሰደ። ራሙ ፈጥኖ ሥራው ዘገየ። ምክንያቱ የዚህ ፕሮሰሰር አሠራር ነው። የራይዘን 3000 ትውልድ ኮሮቹ በ7 ናኖሜትር በተሠራ አንድ ቁራጭ ላይ ናቸው፣ የራም መቆጣጠሪያው ደግሞ በሌላ ቁራጭ ላይ። ሁለቱን የሚያገናኘው ኢንፊኒቲ ፋብሪክ የሚባል መስመር የራሱ ምት አለው። ራሙና ፋብሪኩ እኩል ሲመቱ ርክክቡ ለስላሳ ነው። እኩልነቱ በአብዛኛው እስከ 1800 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም እስከ 3600 ራም ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ሲያልፍ ማዘርቦርዱ በራሱ የራም መቆጣጠሪያውን ወደ ግማሽ ምት ያወርደዋል፤ እስክስታ ሲወርዱ አንዱ ሰው ከበሮውን በግማሽ እንደሚሰማው ማለት ነው። ያ የርክክብ ኪሳራ ከ3600 ወደ 3733 የተገኘችውን ጥቂት ትርፍ ይበላታል። ፋብሪኩን በእጄ 1866 ላድርገው ብዬ ሞከርኩ፤ ማሽኑ ሦስት ጊዜ በርቶ ጠፍቶ፣ ባዮሱ ወደ መነሻው ተመለሰ። ሌላ ፍሬ ፕሮሰሰር ላይ ሊሠራ ይችላል። ዕጣ ነው።

ስለዚህ 3600 ላይ፣ ፋብሪኩ 1800 ሆኖ፣ ታይሚንጉን ማጥበቅ ጀመርኩ። 18 ላይ ያለ ችግር ነው። 16-19-19-36 ለማድረግ የራሙን ቮልቴጅ ወደ 1.38፣ የመቆጣጠሪያውን ቮልቴጅ ወደ 1.1 ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። ከዚያ ደግሞ ወደ ቲአርኤፍሲ ገባሁ፤ ጥፋቴ የተደበቀው እዚያ ነው።

የራም ሕዋስ መረጃውን የሚይዘው በጣም ትንሽ ካፓሲተር ውስጥ ባለ የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ካፓሲተሩ ደግሞ እንደሚያፈስ ጀሪካን ነው። ሳይጎድል በፊት እየተነበበ እንደገና መሞላት አለበት። በዲዲአር4 ይህ የማደሻ ትእዛዝ በየ7.8 ማይክሮሰከንድ ይመጣል፤ 8 ጊጋቢት ቺፕ ላይ አንዱ እድሳት በደረጃው መሠረት 350 ናኖሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ መዝገብ ቤቱ ዝግ ነው፣ ባለጉዳይ ውጭ ይቆማል። ስታሰላው ከጠቅላላው ጊዜ 4.5 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ቲአርኤፍሲ ይህ ዝግ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ብታሳጥረው መዝገብ ቤቱ ቶሎ ይከፈታል፤ አብዝተህ ካሳጠርከው ሠራተኛው ቆጠራውን ሳይጨርስ በሩን ይከፍታል። በ3600 ላይ 350 ናኖሰከንድ ማለት 630 ምት ነው። እኔ 480 አደረግሁት፤ 267 ናኖሰከንድ።

ኤክስፖርቱ 18 ደቂቃ ከ55 ሆነ።

ልጁ ተስፋ ሳይቆርጥ «አሁን 4.2ቷን መልስልኝ» አለ። መለስኩ። 4.2 ብቻውን ከ3200 ራም ጋር፣ በቀዝቃዛ ማታ፣ ኬዙ ተከፍቶ፣ ፕሮሰሰሩን የሚያስጨንቀውን ፈተና፣ ፕራይም95ን፣ አንድ ሰዓት ችሎ ነበር። የጠበቀው 3600 ራምም ከፋብሪካው ፕሮሰሰር አቀማመጥ ጋር ፈተናውን አልፏል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን በሰባት ደቂቃ ውስጥ ሰማያዊ ስክሪን። ለየብቻ ያለፉ ሁለት ነገሮች ተደምረው የወደቁበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። ራሙ ሲፈጥን ኮሮቹ የሚጠብቁበት ጊዜ ያጥራል፣ ስለዚህ በርትተው ይሠራሉ፣ ስለዚህ ይግላሉ። ቀድሞ የተቸነከረው ቮልቴጅ ይበቃ የነበረው ኮሮቹ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብለው ስለሚውሉ ነው። በፋብሪካው አቀማመጥ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ፦ ይህ ፕሮሰሰር በአጠቃላይ ከሶኬቱ እንዲወስድ የተፈቀደለት 88 ዋት ነው፣ የራም መቆጣጠሪያውና ፋብሪኩም ከዚያው ድርሻ ይበላሉ። የመቆጣጠሪያውን ቮልቴጅ ሳሳድግ ከኮሮቹ እንጀራ ላይ ቆርሼ ነው። አንድ መሶብ ነው፤ ራሙን ያበላኸውን ያህል ኮሩ ይጎድልበታል።

4.2ቷን ተውናት። 3600ዋን፣ 16ቷን፣ 480ዋን ግን አቆየሁ። የራም መፈተኛውን ሜምቴስት86ን ማታ ጀምሬ ተኛሁ፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መብራት ሄደ፣ በማግስቱ ማታ እንደገና ጀመርኩ፣ አራቱም ዙር ያለ ስሕተት አለቀ። ታኅሣሥ ነው፣ አዳማም ብትሆን ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጋቢ ለብሼ ነው ስክሪኑን ያየሁት። ለጋሼ አስረከብኩ። የጥር ሰርጎች በሰላም አለፉ።

ሚያዝያ ላይ ዳግማዊ ትንሣኤ አልፎ ሰርግ ሲከፈት ስልክ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ማሽን ሙሽራ እያበላሸብኝ ነው።»

የመጀመሪያው ምልክት ኤክስፖርት የተደረገ ቪዲዮ ላይ አረንጓዴ አራት ማዕዘኖች መታየታቸው ነው፤ ለግማሽ ሰከንድ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ልጁ እንደገና ኤክስፖርት ሲያደርግ ይጠፋሉ፣ በሌላ ቦታ ይመጣሉ። መጀመሪያ ሶፍትዌሩን ጠረጠረ፣ ከዚያ ግራፊክስ ካርዱን። በዚህ መካከል ከባዱ ነገር ተፈጠረ። የሰርጉን ዕለት የካሜራ ካርድ ማታ ወደ ማሽኑ ገልብጠው፣ ካርዱን ፎርማት አድርገው፣ በማግስቱ መልሱን ቀርጸውበታል። ሲከፍቱት ሁለት ክሊፖች ውስጣቸው ተበልቷል። አንዱ ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከለከሉ የነበረው ነው። ማንም መልሶ ሊቀርጸው የማይችል ነገር።

ጋሼ ወንበር ሰጥቻቸው አልተቀመጡም። «እኔ ጥቂት ሰከንድ ለምኜሃለሁ?» አሉ። አልለመኑኝም።

ማታ ሜምቴስት86ን አስነሳሁ፤ አራት ዙር፣ ስሕተት የለም። ደገምኩት፤ አሁንም የለም። ለአንድ ቀን ያህል «ራሙ ንጹሕ ነው» ብዬ ዲስኩን ስወቅስ ዋልኩ። ዲስኩም ንጹሕ ነው። ከዚያ ፋይል በመቅዳት መፈተን ጀመርኩ፦ 40 ጊጋባይት ክሊፕ ከውጭ ዲስክ እየገለበጥኩ፣ የሁለቱን ወገን ሻ-256 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ አንዲት ቢት ብትለወጥ የሚለወጥ ቁጥር) ማወዳደር። ጠዋት ሁሉም ተመሳሰለ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ልጁ ፕሪሚየርን፣ ማለትም የኤዲት ሶፍትዌሩን፣ ከፍቶ ግራፊክስ ካርዱ እየሠራ፣ ከ60 ፋይሎች ሦስቱ ተለያዩ። ማሽኑ አልቆመም፣ ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ፋይሉ ከካሜራው ካርድ ወደ ዲስክ ሲሄድ በራም ውስጥ ያልፋል፤ ሲያልፍ አንድ ቢት ተገለበጠች፤ የተጨመቀ ቪዲዮ ውስጥ አንዲት ቢት ከተገለበጠች ቀጣዩ ሙሉ ምስል እስኪመጣ ድረስ ያለው ሊበላሽ ይችላል። የሰርቨር ራሞች እንዲህ ዓይነቱን ስሕተት የሚያርም ተጨማሪ ቢት አላቸው፣ ይህ የለውም።

ሜምቴስት86 ለምን አላገኘውም? ማሽኑን የሚያስነሳው ከፍላሽ ነው፣ ዊንዶውስ የለም፣ ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ቀዝቅዟል፣ ያውም በሌሊት። እውነተኛው ሥራ ላይ ግን ካርዱ ትኩስ አየሩን ሽቅብ ወደ ራሞቹ ይተፋል። የእነዚህ ራሞች ሙቀት በሶፍትዌር ስለማይነበብ የመልቲሜትሬን የሙቀት መለኪያ ሽቦ በሁለቱ መካከል አስገባሁ። በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ክፍሉ 33 ዲግሪ በሆነበት ከሰዓት በኋላ ራሙ 58 አሳየ። ካፓሲተር ሲሞቅ ማፍሰሱ ይብሳል፤ እኔ ደግሞ መሙያ ጊዜውን ቆርጬበታለሁ። ታኅሣሥ ሌሊት ላይ የበቃው 267 ናኖሰከንድ በሚያዝያ ከሰዓት አልበቃም።

የከተማችንም ድርሻ አለበት። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ከ15 በመቶ በላይ ይሳሳል። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር በመግፋት ነው፣ ስስ አየር ያነሰ ሙቀት ይሸከማል። ኢንተርኔት ላይ «በዚህ ፋን ይሄን ያህል ዲግሪ ይሆናል» የሚለው ሰው የተቀመጠበት ከተማ ምናልባት ባሕር ዳርቻ ነው። በዚያ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ፤ ተራራው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹን የሚያሽከረክረው ያው ነፋስ አቧራውን ኬዝ ውስጥ ያመጣዋል። ያቺን ትንሽ ፋን ስነቅላት ክንፎቿ መካከል ያለው አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተላጠ፣ ቴርማል ፔስቱም (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ ኖራ ሆኗል።

ለማረጋገጥ አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩ፤ ቲአርኤፍሲን ከ480 ወደ 630 መለስኩ። በዚያው ሙቀት፣ ግራፊክስ ካርዱ እየሠራ፣ ሦስት ከሰዓት በኋላ ገለበጥኩ፤ አንድም ፋይል አልተለያየም። ምክንያቱ እሱ እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ልጁ «እንግዲያው 630 አድርገህ 3600ዋን ተዋት» አለ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ለራሴ ማሽን ቢሆን አደርገው ነበር። ይህ ግን የሰው ሰርግ ያለበት ማሽን ነው። ራሙ ላይ የተለጠፈው 3200 ነው፤ አምራቹ የፈተነው እሱን፣ ኤኤምዲም ለዚህ ፕሮሰሰር በይፋ የሚደግፈው እስከ 3200 ነው። ከዚያ በላይ የሚሄድ ሰው የራሱን ዕጣ እየፈተነ ነው፤ በዕጣ ደግሞ የሌላ ሰው ንብረት አይያዝም።

ስለዚህ ራሙን ወደ 3200፣ 16-18-18-36 መለስኩት፤ የቀሩትን ታይሚንጎች አልነካሁም። ትርፉን ከሌላ ቦታ ፈለግሁ። ለ3600ዋ ብዬ የመቆጣጠሪያውን ቮልቴጅ 1.1 አድርጌው ነበር፤ ለ3200 ይህ ከሚያስፈልገው በላይ ነው፣ ወደ 1.0 አወረድኩት። የቀነሱት ጥቂት ዋቶች ከመሶቡ ተመልሰው ለኮሮቹ ሆኑ። ከዚያ ከአዲስ አበባ አንድ ሁለተኛ እጅ ባለ ማማ ማቀዝቀዣ፣ 120 ሚሊሜትር ፋን ያለው፣ በሚኒባስ አስላክሁ፤ እሱን ከኪሴ ነው የከፈልኩት። ከፊት ለፊት አየር የሚያስገባ ፋንና የአቧራ ወንፊት ጨመርኩ። ፕሮሰሰሩን አልቸነከርኩትም፤ ራሱ እንደ ሙቀቱና እንደ ዋቱ ከፍ ዝቅ እንዲል ተውኩት። ቀዝቀዝ ሲል ሁሉም ኮር እየሠራ 4.0 ላይ ይቆያል፤ አንድ ኮር ብቻ ሲፈለግ ደግሞ 4.2 አካባቢ ይደርሳል። ልጁ በግድ ሊይዘው የፈለገው ቁጥር በፈቃዱ መጣ።

ኤክስፖርቱ 19 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። ሰርጉን ካበላሸው አቀማመጥ በ15 ሰከንድ ይዘገያል፤ ልጁ መጀመሪያ ካመጣው ደግሞ ሦስት ደቂቃ ይቀድማል። ለጋሼ ስነግራቸው «15 ሰከንድ ስኒ አታስጥብም» አሉ።

ሁለቱ የተበሉት ክሊፖች አልዳኑም። ደግነቱ ከጎን የቆመ ሁለተኛ ካሜራ ሚዜዎቹን ይዟቸው ነበር፤ ልጁ ከዚያ ሰፍቶ ሞላው፣ ሙሽሮቹም ነገሩን ያወቁ አይመስለኝም። አሁን ካርድ ሲገለበጥ የሁለቱ ወገን አሻራ ሳይወዳደር ፎርማት እንዳይደረግ አንድ ትንሽ ስክሪፕት ጽፌላቸዋለሁ፤ ሲሳካ አረንጓዴ፣ ሳይሳካ ቀይ ያሳያል። ጋሼ ስለ ናኖሰከንድ ግድ የላቸውም፣ አረንጓዴውን ግን ቆመው ያያሉ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ከተማዋን ሲያበርዳት ልጁ ደወለ። «ብሮ፣ አሁን እኮ ቀዝቅዟል፤ 3600ዋን እንሞክራት?» ጋሼ ከኋላ ሰምተውታል። በማግስቱ አስጠርተው ባዮሱን በፓስወርድ እንድቆልፈው አዘዙኝ። ቆለፍኩት። ፓስወርዱን ሲጽፉ ፊቴን እንዳዞር አደረጉኝ።